የማይጠቁሩት ቀዮች

ከብዙ ዓመት በፊት፣ መርማሪዋ ገና ልጅ ሳለች፣ ከግድግዳ ወዲያ ሁለት ሴቶች ስለ አንድ አራስ ልጅ ሲነጋገሩ ሰምታ ነበር። አንዷ አክስቷ ነች። ሌላዋ ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አታውቅም።

«ቀይ ነው እኮ! ከየት አመጣችው? አባትየው እንደሆነ ከሰል ነው» ትላለች እንግዳዋ።

«አፍሽን ሰብስቢ!» አለች አክስቷ። «አራስ ሁሉ ሲወለድ ቀይ ነው። እውነተኛ መልኩን ከፈለግሽ...»

ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቶባታል። አንድ ሰው በር ከፍቶ ይሆን፣ ክዳን ወድቆ ይሆን፣ ወይ እሷን እንቅልፍ ወስዷት ይሆን፣ አታውቅም። አልፎ አልፎ ትዝ ሲላት ፈገግ ትልና ትረሳዋለች። የወሬው ጭራ ተመልሶ የመጣላት አንዲት የነቀዝ ተመራማሪ ሞተው በተገኙበት ሳምንት ነው።

ሟቿን ተማሪዎቻቸው «እማማ ነቀዝ» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም ስሙን ወደውት በቢሯቸው በር ላይ ለጥፈውታል። ዕድሜያቸውን የፈጁት እህል የምትበላ አንዲት ጥቁር ነፍሳት ከሆዷ ባክቴሪያዎች ጋር እንዴት እንደተዛመደች በማጥናት ነው። የተገኙት የነቀዞቹ ሙቀት ክፍል ውስጥ ነው። ነቀዝ ሙቀት ይወዳል፤ የእማማ ነቀዝ ጉልበትም ሙቀት ይወድ ስለነበር ከምሳ በኋላ በሩን ዘግተው በመደርደሪያዎቹ መሀል ባለችው ወንበር ላይ ጋደም ማለት ልማዳቸው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ምክትላቸው ሲከፍት በዚያችው ወንበር ላይ አገኛቸው። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ተንሸራቷል፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ዞር ብለው የሚጠሩት ሰው ያለ ይመስል ፊታቸው ወደ በሩ ነበር።

«ልባቸው ታማሚ ነበር» አለ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ፣ ወፍራም እጁን ፋይሉ ላይ ጭኖ። «ሐኪሙም ሳንባቸው ውኃ ቋጥሯል፣ ልብ ሊሆን ይችላል ብሏል። ሂጂና አስፈርመሽ ዝጊው።»

«ቆይ ቆይ። ሊሆን ይችላል ነው ያለው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ላይሆንም ይችላል።»

አዛዡ ቃተተ። ጣቢያው በሙሉ መርማሪዋን «ቆይ-ቆይ» የሚላት በከንቱ አይደለም። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ እሷ ገና ማዳመጥ ትጀምራለች፤ ዝምታዋ ሲበዛ ሰውየው ያልፈለገውን ይጨምራል። የምርመራ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ከጽሕፈት ሥራ ተነስታ፣ በራሷ እያነበበች፣ ሌሎች የጣሉትን ፋይል እያነሳች ነው እዚህ የደረሰችው።

«እስከ ሳምንቱ መጨረሻ» አለ አዛዡ። «ምክትሉ ክፍሉን ይረከባል። ወዳጄ ነው፤ አታስቸግሪው።»

ምክትሉ ሸሚዙ እንከን የማይወጣለት፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። የእማማ ነቀዝ የቀድሞ ተማሪ ሲሆን አሁን ስሙ ከሳቸው በላይ ይጠራል። ሙቀት ክፍሉን ሲያስጎበኛት አንድም ጊዜ ወንበሯን አላያትም።

«እነዚህ ተራዎቹ ናቸው» አለ፣ እህልና ነቀዝ የሞላባቸውን ብልቃጦች እያሳየ። ነቀዞቹ እንደ ጫማ ቀለም ያብረቀርቃሉ። «ሆዳቸው ውስጥ ባክቴሪያ አለ። ነቀዙ ቤትና ቀለብ ይሰጠዋል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ጥቁሩን ጠንካራ ቆዳ መሥሪያ ይቀምምለታል። እናት ለልጇ በእንቁላሏ ታወርሰዋለች። ያቺ ብቻዋን ያለችው ብልቃጥ ውስጥ ያሉት ግን ባክቴሪያው የወጣላቸው ናቸው። ቀዮቹ እንላቸዋለን። ቆዳቸው ስስ ነው።»

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። እውነትም ቀያዮች ናቸው፤ እንደ ፈዛዛ ሸክላ። በእህሉ መሀል ዝግ እያሉ ይርመሰመሳሉ።

«ሌላ የሞት ምክንያት ይጠረጥራሉ?»

«በፍጹም። ጋዝ እንኳን ቢሆን ኖሮ እነዚህ ቀድመዋቸው ባለቁ ነበር። ይኸው፣ ሁሉም በሕይወት አሉ። ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ክፍሉን ስረከብ ሁሉንም አቃጥላለሁ። ሌላ ተባይ ገብቶባቸዋል» አለ።

«ይህችን የቀዮቹን ግን እኔ እወስዳለሁ።»

«ለምን?»

«ምስክር ናቸው ብለውኝ የለ? ምስክር ደግሞ አይቃጠልም።»

ሰውየው ሳቀ። ሳቁ ግን አፉ ጋ ቀረ። የርክክብ ወረቀት ሊፈርምላት ወደ ራሱ ቤተ ሙከራ ሲያስገባት ቆሻሻ ቅርጫቱ ጠርዝ ድረስ በስንዴ መሞላቱን አየች። ፍሬው ሁሉ በቁመቱ በስለት ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ነቀዝ ራሱ ሲወጣ ክብ ቀዳዳ ትቶ እንደሚሄድ በእማማ ነቀዝ ግድግዳ ላይ ካለው ሥዕል አሁን ገና አይታለች። ይህን የሰው እጅ ነው የከፈተው። ለምን እንደሆነ አልገባትም። ያልገባትን ነገር ደግሞ ወርውራ አትጥልም።

የእማማ ነቀዝ የመጨረሻ ታናሽ ወንድም የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሶ፣ በወፍጮው ጩኸት መሀል እየጮኸ ተቀበላት።

«የሰው እህት ሐኪም ትሆናለች! የሰው እህት ዳኛ ትሆናለች! የኔዋ ነቀዝ ታረባለች! እኔ ዕድሜዬን ነቀዝ ስገድል፣ እሷ ዕድሜዋን ነቀዝ ስታሳድግ! አባታችን ምን በድሎ እንደሆን እንጃ!» መሳቅ ጀምሮ፣ ሳቁ መንገድ ላይ ወደ ለቅሶ ዞረበት። ወፍጮውን አጠፋ።

«እግዜር ያጽናህ» አለችው፣ ለራሷም ሹክ እንደማለት። ከዚያ ዝም አለች።

«ተኳርፈን ነው የሞተችው» አለ ዝምታው ሲከብደው። «አንዲት ብልቃጥ አንተ ጋ አስቀምጥልኝ ትለኝ ነበር። ‹አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር ጠፍቶ ለመቅረት አንድ ክፉ ቀን ይበቃዋል› ትላለች። ወፍጮ ቤት ነቀዝ አለ ከተባለ ማን እህሉን ያመጣልኛል? አይሆንም አልኳት። ክፉ ቃልም ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ እግሯ እዚህ ደርሶ አያውቅም።»

«እማማ ሲሞቱ የለበሱትን ልብስ አስረክበውሃል?»

«ሹራቧን ሰጥተውኛል። የሚገርምዎ፣ የኔን መጋዘን የኔን መጋዘን ይሸታል።»

«ቆይ ቆይ። መጋዘንህ ምን ይሸታል?»

«የነቀዝ ክኒን ነዋ! ጋዙ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ነቀዙን ዶግ አመድ ያደርገዋል፤ ሰው ተዘግቶበት ካደረም አይምርም።» ይህን ብሎ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ያለው ዱቄት እንኳ የነጣ መሰለ። «እሷ እኮ እዚህ አልመጣችም።»

«ምርምር ቤቱ ውስጥስ ክኒኑ አለ?»

«ነቀዝ የሚያሳድግ ሰው? ስሙን እንኳ አያስጠሩም!»

«ያንተ ጎድሏል?»

«ትንሽ ጎሎብኝ ነበር። ሠራተኛ የተጠቀመበት መስሎኝ ዝም አልኩ። ከምርምር ቤቱ መጥተው ስንዴ ለመውሰድ መጋዘኔ የሚገቡት ሁለት ናቸው፤ ያቺ ግትር ተማሪዋና ያ ጨዋ ምክትሏ።»

ግትሯ የተከራየችው ክፍል አልጋና ጠረጴዛ ብቻ ይይዛል። መርማሪዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እግሮቿን ገጥማ፣ ከአልጋው ሥር ያለውን ነገር እንደመከለል።

«ከመሞታቸው በፊት ከእማማ ጋር ተጣልተሽ ወጥተሻል። የግቢው ዘበኛ ቦርሳሽ ከብዶሽ አይቶሻል። ምን ይዘሽ ነበር?»

«የራሴን ነገር።»

«የምን ነገር?»

«አልናገርም። ከፈለጉ ይሰሩኝ።»

«ማሰሩ ቀላል ነው፣ ልጄ። መስማት ነው የፈለግኩት።»

«አለቃዎ ከምክትሉ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሲስቁ አይቻለሁ! ለእናንተ የሰጠሁት ሁሉ እሱ እጅ ይገባል። ያኔ የእማማ ልፋት ሁሉ በሱ ስም ይጻፋል። እሱን ከማይ እስር ቤት ይሻለኛል።»

መርማሪዋ አልተቆጣችም። እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ልጅቷ ጥሉን ብቻ ነገረቻት።

«እማማ ቀዮቹን ለማግኘት ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። ነቀዝ ብቻውን ነቀዝ አልሆነም፣ ጋሻውን የተዋሰው ከሆዱ እንግዳ ነው፤ በዝግመተ ለውጥ ተሳስረው አንድ ፍጥረት ሆነዋል ማለታቸው ነው። ይህን ማሳየት የሚቻለው እንግዳው ሲወጣ ጋሻው እንደሚቀር በማየት ነው። ምክትሉ ግን ‹እኔ ቀዮችን በጥቂት ወር አወጣሁ› ብሎ ፎቶ አሳተመ። ተሸለመ። እማማ ነቀዞቹን አሳየኝ ሲሉት ዛሬ ነገ ይላል። ውሸት መሆኑን ደረሱበት። እኔ አሁኑኑ አጋልጡት አልኩ። እሳቸው ደግሞ ‹ተማሪዬ ነው፤ ሳምንት ልስጠው፤ ራሱ ይናገር› አሉ። በጩኸት ወጣሁ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ቶሎ ብላ በክርኗ ጠረገችው። «እስቲ የሱ ቀዮች የት እንዳሉ ይጠይቁት!»

መርማሪዋ ጠየቀችው። በስልክ።

«ማሞቂያው ተበላሽቶ አለቁ» አለ ምክትሉ። «ድሮ።»

«ስለዚህ በዚህ ምድር ላይ ቀዮቹ ያሉት በእማማ ብልቃጥ ውስጥ ብቻ ነው?»

«በሚያሳዝን ሁኔታ፣ አዎ።»

ብልቃጧ መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመብራቱ ሥር ተቀመጠች። አዛዡ ሲያልፍ ሲያገድም መሳለቅ አላቆመም።

«ፋይል ዝጊ አልኩሽ፤ ነቀዝ ሰብስበሽ መጣሽ? ተናዘዙልሽ?»

«ገና ናቸው።»

«ነገ ፋይሉን ትዘጊያለሽ።»

«አልዘጋም።»

«ምን አልሽ?»

«አልዘጋም አልኩ፣ ጌታዬ። ከፈለጉ እኔን ከፋይሉ ያውጡኝ። ብዕሬ ግን ‹በልብ ሕመም ሞቱ› ብሎ አይፈርምም።»

አዛዡ በሩን ወርውሮት ሄደ። እሷ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና በከንፈሯ ብቻ ጸለየች። የምትጸልየው መልስ እንዲወርድላት አይደለም፤ ፊቷ ያለውን ለማየት እንዳትቸኩል ነው። ዓይኗን ስትገልጥ ፊቷ ያለችው ብልቃጧ ነበረች።

ነቀዞቹ ቀይ አልነበሩም።

አነሳቻት፤ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። ያን ቀን ፈዛዛ ሸክላ የነበሩት ዛሬ የተቆላ ገብስ መስለዋል፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ከሰል ሆነዋል፤ ያብረቀርቃሉ። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ የነበረው የአክስቷ ድምፅ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ የተቆረጠውን ወሬ ጨረሰላት።

«አራስ ሁሉ ሲወለድ ቀይ ነው። እውነተኛ መልኩን ከፈለግሽ ቆይተሽ ነይ።»

የሳምንቱ መጨረሻ ደረሰ። ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ምክትሉ፣ ባለወፍጮው፣ ግትሯና አዛዡ ቆሙ። ግትሯ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። አዛዡ የመጣው፣ እንደተናገረው፣ ይህ ቀልድ ሲያበቃ ለማየት ነው። መርማሪዋ የእማማን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥባት ጎትታ ወደ መሀል አመጣቻት፤ ብልቃጧንም በጨርቅ ሸፍና እላይዋ ላይ አስቀመጠቻት።

«ሹራቡ ነው ያነቃኝ» ብላ ጀመረች። «የነቀዝ ክኒን ሸቷል። ሟቿ ግን ወፍጮ ቤት ከሄዱ ቆይተዋል፤ እዚህም ግቢ ክኒን አይገባም። ስለዚህ አንድ ሰው ከወፍጮ ቤቱ ሰርቆ አምጥቷል። እማማ በሩን ዘግተው ጋደም እንደሚሉ ያውቃል። ከመደርደሪያው ኋላ አስቀምጦ ወጣ።»

«ነገርኩዎት እኮ!» አለ ምክትሉ በትዕግሥት። «ጋዝ ቢሆን ነቀዞቹ ቀድመው ይሞቱ ነበር።»

«ነግረውኛል። ስለ ጋዝ ማንም ሳያነሳ ነው የነገሩኝ። ሐኪሙ ልብ ሲል፣ አለቃዬ ልብ ሲሉ፣ እርስዎ ብቻ ጋዝ አሉ። እኔም አሰብኩ፤ ጋዝ ነበረ፣ ነቀዞቹ ግን በሕይወት አሉ። ሁለቱም እውነት የሚሆኑት አንድ መንገድ ብቻ አለ። እነዚህ ነቀዞች ያን ቀን እዚህ አልነበሩም። ገዳዩ እማማ ከሞቱ በኋላ ክፍሉን አናፍሶ፣ የሞቱትን ነቀዞች አውጥቶ፣ በሕይወት ባሉ ቀየራቸው።»

«ጥቁሮቹን መቀየር ይቻል ይሆናል» አለ አዛዡ፣ ሳያስበው ወደ ነገሩ ገብቶ። «ቀዮቹስ? ሌላ ቦታ የሉም ብለሽኝ የለ?»

«እሱ ላይ ነው ገዳዩ የተቸገረው፣ ጌታዬ። ቀዮቹ ከጠፉ ጋዙ ታወቀ ማለት ነው።» ጨርቁን ገለጠችው። «ይዩአቸው።»

ባለወፍጮው አጎነበሰ። «ይሄማ የኔው ጠላት ነው! ጥቁር ነቀዝ!»

«ስወስዳቸው ቀይ ነበሩ። አራስ ስለነበሩ ነው። ነቀዝ ጎልምሶ ከፍሬው ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ቀን ውስጡ ይቆያል፤ ያኔ ማንኛውም ነቀዝ ቀይ ነው። ገዳዩ ስንዴውን በስለት እየሰነጠቀ አራሶቹን ለቀመ። የተሰነጠቀው ስንዴ ቆሻሻ ቅርጫትዎ ውስጥ ነበር።» ምክትሉን አየችው። «ፖሊስ አንዴ አይቶ ይሄዳል፣ ከዚያ አቃጥለዋለሁ ብለው ነው። እኔ ግን መቆየት ልማዴ ነው።»

ምክትሉ መነጽሩን አውልቆ ወለወለ።

«የሚያሳዝን አለማወቅ ነው» አለ። «ባክቴሪያ የሌለውም ነቀዝ ሲያረጅ ይጠቁራል። አንድም ሳይንቲስት አይከራከረኝም። ማወዳደሪያ ቀይ ካለዎት ያምጡና ያሳዩኝ።» እንደሌላት ያውቃል። ፈገግ አለ።

መርማሪዋ ጨርቁን አጣጠፈች። ወደ ግትሯም አላየችም። ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ ከገመተች ሰንብታለች፤ ግን ያንን ለማውጣት መወሰን ያለባት ልጅቷ ናት። ጠበቀች።

ግትሯ ቦርሳዋን ከፈተች።

«አለ።»

ብልቃጧን ከጥቁሮቹ አጠገብ አኖረቻት። ውስጧ ዝግ ብለው የሚሄዱ፣ የደከሙ፣ አንዳንዶቹ እግር የጎደላቸው ነቀዞች አሉ። ሁሉም ቀይ ናቸው።

«የተጣላን ቀን ሳላስፈቅዳቸው ግማሹን ቀንሼ ወሰድኩ። ሳምንት ከሰጡህ ቀዮቹን እንደምታጠፋቸው አውቄ ነበር። እሳቸውን ታጠፋለህ ብዬ ግን አላሰብኩም።» ድሮ «ዶክተር» እያለች አንገቷን ትደፋለት ነበር፤ ዛሬ «አንተ» አለችው፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። «እነዚህ አሮጊቶች ናቸው። ያረጁት ቀይ ሆነው ነው፤ የሚሞቱትም ቀይ ሆነው ነው። አንተ ፎቶ ያነሳሃቸው ግን ለአንድ ሰሞን ብቻ ነው ቀይ የነበሩት። እማማ የደረሱብህም በዚሁ ነው። የተሸለምክበትን ማታለያ ለግድያህ ደገምከው!»

ምክትሉ የልጅቷን ብልቃጥ ሊነጥቅ እጁን ሰነዘረ። ከሱ የቀደመው ግን የባለወፍጮው ክንድ ነው። ጆንያ የለመደ ክንድ ስለሆነ መግፋት አላስፈለገውም፤ መንገድ ዘግቶ ቆመ ብቻ።

«ሳምንት ሰጠችኝ!» ጮኸ ምክትሉ። ለስላሳው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «እንደ ልጅ! ራስህ ተናገር አለችኝ፣ እያዘነችልኝ! እሷ ምን የምታጣው ነበራት? ነቀዝ! እኔ ስም ነበረኝ!»

አዛዡ ወዳጁን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ኮቱን አስተካከለና ካቴናውን ራሱ አወጣ። በበሩ ሲያልፍ መርማሪዋን ቀና ብሎ አላያትም፤ «ፋይሉን እኔ እፈርማለሁ» ብቻ አላት።

ሦስቱ ከሁለት ብልቃጥ ጋር ቀሩ።

«ክፍሉ እስከ ፍርዱ ይታሸጋል» አለች መርማሪዋ። «ቀዮቹ የት ይሆናሉ?»

«እኔ ጋ አይቆዩም» አለች ግትሯ፣ ግድግዳውን ተደግፋ። «አከራዬ ከአልጋዬ ሥር አይታቸው ‹ወይ እነሱ ይውጡ፣ ወይ አንቺ› ብላለች። የትም ብወስዳቸው ነቀዝ ናቸው። ማን ይቀበላል? እነዚህ ካለቁ ግን ያ ሁሉ ዓመት አለቀ።»

መርማሪዋ እንደ ልማዷ ዝም ብላ ጠበቀች። ባለወፍጮው ወደ ቀዮቹ ብልቃጥ ጠጋ አለ።

«ስንዴ ነው የሚበሉት?»

«ስንዴ» አለች ግትሯ።

«የተበጠረ?»

«የተበጠረ፣ ክኒን ያልነካው።»

ሰውየው እህቱ የሞተችባትን ወንበር አየ፤ ከዚያ ብልቃጧን። ሲያነሳት እንደ አራስ በሁለት መዳፉ ደግፎ ነው።

«እሺ» አለ። «ክኒኑ ዛሬውኑ ከግቢዬ ይወጣል። ከወፍጮው ማዶ አንዲት ሙቅ ክፍል አለችኝ፤ እታለም ለምና የከለከልኳት ናት። አስቀምጣቸዋለሁ። አንቺም ቁልፉን ትይዣለሽ፤ እየመጣሽ ሥራዋን ትጨርሻለሽ። ደንበኛ የሚሸሽም ከሆነ ይሽሽ!»